ስምዎ እኛ ጋ ነው

ፍራንክፈርት፣ ሪደርቫልድ
ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ውድ አባባ ቢያድግልኝ፣

እኔን አያውቁኝም። ውብነሽ እባላለሁ፤ የጉለሌ ልጅ ነኝ፣ ጀርመን አገር ከገባሁ ግን አርባ ዓመት አልፎኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎት እዚህ ጤፍ የሚሸጥልን የዐሊ ወንድም፣ ዚያድ ነው። ዚያድ፣ አደራህን ቀስ ብለህ አንብብላቸው፣ እየዘለልክ እንዳትሄድ። ስናገርም ስጽፍም ወሬ አበዛለሁ፣ ቻለኝ።

አባባ፣ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎትና ኋላ አስረዳዎታለሁ። ስምዎ እኛ ጋ ነው። እዚህ፣ አይተውት በማያውቁት አገር፣ የቤታችን ደወል ላይ፣ የፖስታ ሳጥናችን ላይ፣ የሐኪም ካርዳችን ላይ «ቢያድግልኝ» ተብሎ ተጽፏል። የመቃብር ድንጋይ ላይ ሳይቀር አለ። እኔም ቢሮ ገብቼ ተራ ስጠብቅ «ወይዘሮ ቢያድግልኝ!» ተብዬ ነው የምጠራው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት እንዲህ ነው።

እንዴት ሆነ ይሉ ይሆናል። በ1970 ዓ.ም. አንድ ቀጭን የጎንደር ተማሪ ከአህዮችዎ ጋር አድርገው ድንበር አሻግረው ነበር። ዘውዴ ይባላል። ባሌ ነው። ነበር ልበል እንጂ፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ያን ቀን የኖሩት አንቱ ነዎት፣ እኔ ልንገርዎት ማለቴ ድፍረት ነው። ግን ያ ልጅ ያን ቀን በልቡ እንዴት አድርጎ ይዞት እንደኖረ አያውቁምና በእሱ አፍ ልንገርዎት። ስንቴ ሰምቼዋለሁ መሰለዎት! ጨው ሳቀብለው ይጀምረዋል፣ ቴሌቪዥን ላይ አህያ ካየ ይጀምረዋል።

ጓደኞቹ ተይዘውበት ነው ከጎንደር የወጣው። ሸህዲ ሲደርስ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አንቱ ሰሊጥ ጭነው ወደ መተማ ገበያ ሊወርዱ ነው። ጫማውን አይተው ነገሩ ገባዎት። ምንም ሳይጠይቁት «አውልቀው» አሉና ጫማውን ሰሊጡ ጆንያ ውስጥ ከተቱት፤ ዱላ አስያዙትና «ያችን ቡላዋን ንዳ» አሉት። ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነው። ኬላው ላይ ያለው ጠባቂ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ሲል «የኔ ነው» አሉ። ጠባቂው አላመነም፤ የዘውዴን መዳፍ ገልብጦ ዳሰሰው። መዳፉ የተማሪ መዳፍ ነው፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። «ይሄ እጅ ሞፈር ያውቃል?» አለ።

ያኔ ነው ዞር ብለው በጥፊ ያጮሉት። «ሞፈር ቢያውቅማ ምን አንገበገበኝ! እናቱ አሞላቃ አበላሸችብኝ! ይሄን አክሎ አህያ መንዳት እንኳ አያውቅም! ከፈለግህ ውሰደው፣ ለእናቱ ግን አንተው ንገርልኝ!» ጠባቂው በሳቅ ፈረሰ። «እለፍ፣ እለፍ፣ መንገድ ላይ እንዳትገድለው ብቻ» አለ። ዘውዴ ይህን በነገረኝ ቁጥር ጉንጩን ይዳስሳል። «ውቤ፣ እኔ ሁለቴ ነው የተወለድኩት፣ አንዴ ከእናቴ፣ አንዴ በጥፊ» ይል ነበር። የሚዳስሰው ሁልጊዜ ቀኝ ጉንጩን ነው፣ ሰውየው ግራኝ ነበሩ ይላል። ይቺን ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ድንበሩን ሲሻገር ጫማውን ከሰሊጡ ውስጥ አውጥተው ሰጡት። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ እስኪደርስ ከጫማው ሰሊጥ ሲያራግፍ ሰነበተ። ሲሰነባበቱ ያሉት አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፦ «ስትደርስ ላክብኝ።» የአባቱን ስም አልጠየቁትም። እሱም የአንቱን አባት ስም አልጠየቀም። ሰው በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ሆኖ ምኑን ይጠይቃል?

ገዳሪፍ ላይ ስደተኛ የሚመዘግበው ፈረንጅ «ስምህ?» አለው። «ዘውዴ።» «የአባትህስ?» እዚህ ላይ ፈራ። እዚያ የሚነገር ስም አገር ቤት ይደርሳል እየተባለ ይወራ ነበር። አባቱ አቶ ሰይፈ ገብርኤል ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ናቸው፣ ቤት የቀሩ ትናንሽ ልጆች አሏቸው። ስማቸውን ቢጠራ ምን እንደሚመጣባቸው ማን ያውቃል? ጉንጩ ገና አልበረደለትም ነበር መሰለኝ፣ «ቢያድግልኝ» አለ። ያ ሰው በመሣሪያ ፊት ቆሞ ልጄ ነው ብሎኝ የለም እንዴ ብሎ ነው።

አሁን ደህና አድርገው ይስሙኝ። ዘውዴ የሠራት ስሕተት አበሻ ብቻ የሚሠራት ናት። በኛ አገር የአባት ስም አንድ ትውልድ አገልግሎ ያርፋል፤ የኔ ልጅ በኔ ይጠራል፣ የሱም ልጅ በሱ። ስለዚህ «ይቺ ውሸት ከኔ ጋር ታልቃለች፣ ልጆቼ በዘውዴ ይጠራሉ፣ አለቀ» ብሎ አሰበ። ጀርመን አገር ግን እንዲያ አይደለም። እዚህ የቤተሰብ ስም የሚሉት ነገር አለ። አንዴ ከተጻፈ ተጻፈ፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየወረደ ይኖራል።

መጀመሪያ የተያዝኩት እኔ ነኝ። ስንጋባ ለባልና ሚስት አንድ ስም ነው ብለው የአንቱን ስም ሰጡኝ። ለእናቴ አዲስ አበባ ደውዬ ብነግራት «ምነው ልጄ፣ ከወንድምሽ ጋር ነው እንዴ የተጋባሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ አባት ሲጠሩ የት አገር ታይቷል? እኔም ተናደድኩና ለፈረንጅ ካልሆነ በቀር በዚያ ስም አልፈርምም አልኩ። ለአበሻ እስከ ዛሬ ውብነሽ ደጀኔ ነኝ።

ከዚያ ሶሊ ተወለደ፣ የበኩር ልጃችን። ዘውዴ ልደቱን ሊያስጽፍ ሽታንደስአምት ሄደ፤ ልደትና ጋብቻ የሚጻፍበት ቢሮ ነው። «ሰሎሞን ዘውዴ» ብሎ አስጽፎ ሊመጣ ነው፤ ከረባት ሁሉ አስሮ ነበር። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ካፖርቱን ሳያወልቅ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«ሴትዮዋ እምቢ አለች። ሰሎሞን ቢያድግልኝ ነው የሚባለው አለችኝ።»

«እና ምን አልካት?»

«ምን ልበላት? ሰውየው አባቴ አይደሉም ልበላት?»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቆየት ብሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ስደነግጥ ለካ ሳቅ ይዞት ነው። «ውቤ» አለኝ፣ «ሰውየው አያት ሆኑ እኮ!» እኔ አራስ ነኝ፣ መሳቅ አልችልም፣ ሆዴን ይዤ «ኧረ በማርያም ዝም በል» እላለሁ። ሳቃችን ሲያልቅ ግን ሁለታችንም ልጁን እያየን ቀረን። ፍርሃትም አይደለም፣ ደስታም አይደለም። ቤተ መቅደስ ሲገባ ሰውነትን ውርር የሚያደርግ ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ነገር ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ዘውዴ ጎንደር ደውሎ ለአባቱ ሁሉን ተናዘዘ። ስሜን ክዶ የሰው ስም ያዘ ብለው እንዳያዝኑበት ላብ አጥምቆት ነበር። አቶ ሰይፈ ገብርኤል እስኪጨርስ ሰሙትና «ልጄ፣ እኔ ወለድኩህ እንጂ አላዳንኩህም። ያዳነህን ስም እንዳትነካው፣ ነውር ነው» አሉት። ነፍሳቸውን ይማረው። ሰው ምን ያህል ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ላክብኝ» ያሏትን ደግሞ ዘውዴ አንድ ቀን አልረሳትም። መጀመሪያ ፈራ፤ የምልከው ወረቀት ጣጣ ያመጣባቸዋል አለ። ኋላ በሰው በሰው ማስፈለግ ጀመረ። «ቢያድግልኝ የማን?» ሲሉት ግን የሚመልሰው የለም። ስሙን ተሸክሞት ይዞራል፣ የማን ልጅ እንደሆኑ አያውቅም። አንድ ከገዳሪፍ የመጣ ሰው ደግሞ «ባለ አህያው ከሆነ ሞቷል» አለው፣ አመነ። ይቅር ይበሉን አባባ፣ በሕይወት ሳሉ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን በሙታን ጸሎት ስንት ዓመት አስጠራንዎት! ቄሱ «የክርስትና ስማቸውስ?» ሲሉት «አላውቅም አባ» ይላል፣ እሳቸውም «እግዜር ያውቀዋል» ብለው ይቀጥላሉ። ዐሊ ይህን ስነግረው «ዕድሜያቸው የረዘመው ለካ ለዚህ ነው» ብሎ ቀለደብኝ።

ዘውዴ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር፣ ወንዙ ዳር፣ ቀለም ፋብሪካ ነው ሠርቶ ጡረታ የወጣው። ጠዋት ጠዋት ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ይገዛል። ዳቦውን በልቶ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ የረገፈውን ሰሊጥ ጣቱን በምላሱ እያረጠበ አንድ ሳያስቀር ይለቅመዋል። ያን የሚያደርገው ሁልጊዜ ዝም ብሎ ነው። ምን እንደሚያስብ አውቅ ስለነበር አልጠይቀውም።

ለልጆቹ ግን ይህን ሁሉ አልነገራቸውም። «ሲያድጉ እነግራቸዋለሁ» እያለ አደጉ፣ «ሲያገቡ» እያለ ሶሊ አገባ። የነገራቸው ቀልዷን ብቻ ነው፤ አባቴ ኬላ ላይ በጥፊ አጮለኝ እያለ ጉንጩን ይዞ ያስቃቸዋል። ከዚያ አንድ ቀን ልቡ ድንገት ቀጥ አለች። ሳይነግራቸው ሄደ።

አሁን ወደ ዘንድሮ ፋሲካ ልምጣልዎት። ልጄ ሩሐማ፣ የሶሊ ታናሽ፣ የጥርስ ሐኪም ናት። መስከረም ላይ ልታገባ ነው። ልጁ ቶቢያስ ሽሚት ይባላል፤ ጀርመን ነው፣ ቁመቱ ቆጥ የሚያወርድ፣ ዶሮ ወጥ ሲበላ ጆሮው የሚቀላ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሁላችንም ገበታ ላይ ነን። ሩሐማ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «ማማ፣ ሲጋቡ አንድ ስም መምረጥ አለ፣ እኔ ሽሚት ልሆን ነው» አለች። የምትናገረው በጀርመንኛ ነው፤ እዚህ አገር ልጆች በአማርኛ ተጠይቀው በጀርመንኛ ነው የሚመልሱት።

«ለምን?» አልኳት።

«ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ስሜን ፊደል በፊደል ስቆጥር እውላለሁ። ሽሚትን ማንም ቁጠሪልኝ አይልም።»

«ሰው አባቱ የሰጠውን ስም ለስልክ ብሎ ይጥላል?»

«የአባዬ ስም ቢሆን አልጥለውም ነበር። የአያቴ ነው። ስለ አያቴ ደግሞ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁን ሰው ፊት በጥፊ የሚመታ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስም ለልጆቼ አላወርስም።»

አባባ፣ ወንበሩ እንዴት ከኋላዬ እንደወደቀ አላስታውስም። ድሮም ንዴቴን አልችልም። «አንቺ! ያ ጥፊ ባይኖር አንቺ አትኖሪም! ወንድምሽም አይኖርም! ይሄ የምትበይበት ገበታ አይኖርም!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ቆሜ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ለአንቱ አሁን የነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሊጡን፣ መዳፉን፣ ገዳሪፍን፣ አቶ ሰይፈ ገብርኤልን። ሶሊ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። ሩሐማ እንባዋ እየወረደ ከመቀመጫዋ አልተንቀሳቀሰችም። ስትናገር በአማርኛ ተናገረች፤ ስትናደድ ወይ ስታዝን ብቻ ነው አማርኛዋ የሚመጣላት። «ሰውየውን የጠየቃቸው አለ?» አለች። «ስማቸውን ስንወስድ?»

«ሞተዋል እኮ» አልኳት።

ቶቢያስ ማጽናናት ሲያቅተው ስልኩን አወጣ። አንድ ስም ሲጽፉበት በዚህ አገር ስንት ሰው፣ የት የት እንደሚጠራበት በካርታ የሚያሳይ ነገር አለ። ሽሚት ብሎ ቢጽፍ ካርታው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆነ። ቢያድግልኝ ብሎ ጻፈ። አገሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አንዲት ነጥብ ብቻ ፍራንክፈርት ላይ ቀረች። ያቺ ነጥብ እኛ ነን። በዚህ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ውስጥ ስሙ ያለው በዚህች ገበታ ዙሪያ ብቻ ነው። ከተቀመጥነውም ሩሐማ ልትወጣ ነው።

ደግሞስ ስምዎ የት የት እንደገባ ልንገርዎት? ሶሊ ኦይሮፓፊርቴል በሚባል አዲስ ሰፈር፣ መስታወት ብቻ በሆነ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፤ መግቢያው ላይ ቢያድግልኝ የሚል ጽሑፍ ማታ ማታ መብራት ይበራለታል። ሩሐማ የምትሠራበት ክሊኒክ በር ላይ «ዶክተር ቢያድግልኝ» ይላል፤ በአንቱ ስም ጥርስ ይነቀላል! የሶሊ ልጅ ሰገን አለች፣ እናቷ ኤርትራዊት ስለሆነች ስሟን እሷ ናት ያወጣችላት። እዚህ ሪደርቫልድ ሜዳ ኳስ ትጫወታለች። ማሊያዋ ጀርባ ላይ ስምዎ ከብብት እስከ ብብት ሞልቶ ተጽፏል፤ ፊደሉ ከልጅቷ ይበልጣል። ኳስ ስትይዝ የፈረንጅ እናቶች ከዳር ሆነው «ቢያድግልኝ! ቢያድግልኝ!» እያሉ ይጮሃሉ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ይህን ስሰማ ሰውነቴን ይወረኛል። ሰሊጥ ጭኖ መተማ የወረደ ሰው በምን ተአምር እዚህ ሜዳ ላይ ተጠራ?

ፋሲካ አልፎ ጥቂት እንደቆየ ጉልበቴ አመመኝና ፌኸንሃይም ሱቅ ላለው ለዐሊ ደውዬ ጤፍ ቤት ድረስ አምጣልኝ አልኩት። ዐሊን ሁለት ዓመት አውቀዋለሁ፣ የአገርዎ ልጅ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ግን አበሻ ለአበሻ ውብነሽ ነው፣ ዐሊ ነው፣ የቤተሰብ ስም የሚባለውን ማን ይነጋገራል? በስልክ «ቢያድግልኝ የሚለውን ደወል ተጫን» አልኩት። ዱቄቱን ተሸክሞ ሲወጣ ገና ሳያወርደው «እትዬ ውብነሽ፣ ቢያድግልኝ ማን ናቸው?» አለኝ።

«የባሌ አባት ናቸው» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።

«ሸህዲ አንድ ቢያድግልኝ አሉ። ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ በአህያ ሰሊጥ ይነግዱ ነበር ይባላል።»

እኔ ግን አላመንኩትም። «ዐሊ፣ ምልክት ንገረኝ» አልኩት።

«ምን ምልክት አላቸው… ግራኝ ናቸው። በግራ እጃቸው ሲያጎርሱ ሰው ሁሉ ይስቅባቸዋል።»

እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ዐሊ ያመመኝ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ሮጠ። «ዘውዴ፣ አሉ እኮ! ሰውየው አሉ!» እያልኩ ለሞተ ሰው እጮኻለሁ።

ስለ አንቱም የሚያውቀውን ነገረኝ። እናትዎ ከአንቱ በፊት የወለደቻቸው አልቆይላት ብለው እየለመነች ያወጣችልዎ ስም እንደሆነ። አንቱም አግብተው ልጅ እንዳልወጣልዎት፣ ባለቤትዎም ካረፉ እንደቆዩ። «ስማቸውን የሚያስጠራ የለም እያሉ ያዝናሉ» አለኝ። አባባ፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እናትዎ ያቺን ልመና ለማን እንደለመነች እንጃ፤ የሰማት ግን ሰምቷታል፣ መልሱን ሌላ አገር አስቀምጦት ነው እንጂ።

በማግሥቱ እሑድ ዐሊ ዚያድ ጋ ደወለ። ዚያድ ስልኩን ይዞ ቤትዎ መጣ፣ ጆሮዎ ላይ አደረገልዎ። እኛ በዚህ በኩል ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ስልኩን አስቀምጠን፣ እኔ፣ ሩሐማና ቶቢያስ ትንፋሻችንን ይዘናል። ዐሊ «አባባ፣ ድሮ ኬላው ላይ ልጄ ነው ብለው በጥፊ መትተው ያሳለፉት ተማሪ ትዝ ይልዎታል?» አለ።  የሚሰማን ትንፋሽዎ ብቻ ነበር። አልሰሙትም ብለን ዐሊ ሊደግመው ሲል ድምፅዎ መጣ።

«ያ ልጅ ደረሰ?»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ዐሊ ደግሞ ደወለ፣ ደጋገመ፣ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናንተ አገር ስልክ ተዘግቷል አሉ።

አርባ ሰባት ዓመት! አባባ፣ ስሙን ያላወቁትን ልጅ ደረሰ ይሆን እያሉ አርባ ሰባት ዓመት! እኛ ስምዎን ይዘን እዚህ ስንስቅ፣ ስንጋባ፣ ስንወልድ፣ አንቱ እዚያ ያችን ጥያቄ ይዘው ቁጭ ብለዋል። እኔ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን በዓይኔም በጆሮዬም አላጋጠመኝም። ሩሐማ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «በጥፊ የሚመታ ሰው አልኳቸው» እያለች።

ቶቢያስ ከንግግሩ ምንም አልገባውም ነበር፣ ሩሐማ እንባዋን እየጠረገች ተረጎመችለት። ቆሞ ብዙ አሰበና «ወይዘሮ ቢያድግልኝ» አለኝ፤ እኔን ገና አንቱ እያለ ነው የሚጠራኝ። «ሽሚት እኔ ብተወው ምንም አይጎድልበትም። እሳቸው ከፈቀዱ ስማቸውን እኔ ልያዘው?»

በዚህ አገር ወንዱም የሴቷን ስም መያዝ ይችላል። እናቴ ይህን ብትሰማ ጉድ ትል ነበር! ወላጆቹ ይቀየሙናል ብዬ ሰግቼ ነበር። አባቱ ታሪኩን ሲሰሙ «ሽሚት ሞልቷል» ብለው ሳቁ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሩሐማ ግን አንድ ነገር ላይ ድርቅ ብላለች። «መጀመሪያ ሳንጠይቃቸው ወስደናል፣ አሁን ሳይፈቅዱ አይሆንም» ትላለች። ሰርጉ በቀኑ ይሆናል፤ ስሙን ኋላም መምረጥ ስለሚቻል የአንቱን ቃል ይጠብቃሉ።

ዐሊ በሚመጣው ሳምንት አገር ቤት ይገባል። መንገዱ እንዴት እንደሚሆን አናውቅም፤ ከጎንደር ወዲያ አንዳንዴ ያሳልፋል አንዳንዴ አያሳልፍም ይላል። «እኔ ባልደርስ እንኳ ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ይደርሳል፣ እርስዎ ብቻ ይጻፉ» አለኝ። እግዚአብሔር እስከዚያ ዕድሜዎን እንዲያቆይልኝ ስለቴን ተስያለሁ። ስለቱን አልነግርዎትም።

እንግዲህ የምንለምንዎት ይህ ነው። አንደኛ፣ ስምዎን ይፍቀዱልን። ፈቃድዎ ካልሆነ ቅር አንሰኝም፤ ስም እንዴት ተደርጎ እንደሚመለስ አላውቅም እንጂ እንመልሳለን። ደግሞም የአባትዎን ስም፣ የአያትዎንም የሚያስታውሱ ከሆነ፣ ለዚያድ ይንገሩልን። ሰገንን ዘር መቁጠር እያስተማርኳት ነው። «ሰገን፣ ሰሎሞን፣ ዘውዴ» ካለች በኋላ መንገዱ ሁለት ይሆንባታል። በአንዱ ሰይፈ ገብርኤል ብላ እስከ ሰባት ቤት ትወርዳለች፣ ጎንደሮች ልከውልናል። በሌላው ቢያድግልኝ ትልና ቀና ብላ «ከዚያስ ኦማ?» ትለኛለች፤ ኦማ በጀርመንኛ አያቴ ማለት ነው። ከዚያ የምላት የለኝም። የክርስትና ስምዎንም ይላኩልን፤ ቄሱ ከሙታኑ አውጥተው ከሕያዋኑ ጋር ሊያነሱዎት ቃል ገብተውልኛል።

ብዙ ለፈለፍኩ። ዚያድ፣ ደክሞህ ከሆነ ውሃ ጠጣና ወደ ጆሯቸው ጠጋ በል። ቀጥሎ ያለውን ጮክ አድርገህ አንብበው፤ እሳቸው በሚሰሙበት ጆሮ በኩል ሁን። ይህን መላክ ያለበት ባሌ ነበር። እሱ ስላልቻለ እኔ ልኬብዎታለሁ።

አባባ፣ ያ ልጅ ደርሷል።

ያላዩኝ ምራትዎ፣
ውብነሽ ቢያድግልኝ